የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ አስተርጓሚው ሲቸገር

ባለፈው እትም በአስተርጓሚነት ሥራ ላይ ጥያቄ ያላችሁ አንባብያን እንድትጽፉልን ጠይቀን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሐዋሳ መላካቸው አላስገረመኝም። ሲዳሙ አፎ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶችም ሆነ በገበያው ይሠራበታል፤ ወላይትኛውና ኦሮምኛው ከመነኸሪያው እስከ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ድረስ ይሰማል፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ እንግሊዝኛው ታክሎበታል። በዚህች ከተማ አስተርጓሚ ተብሎ የተቀጠረ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያስተረጉመው ግን ብዙ ነው። ነርሷ፣ የካርድ ክፍሉ ልጅ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ እናቱን ሊያሳክም ከገጠር የመጣው ተማሪ ሁሉ በየተራው ያስተረጉማል። ደብዳቤዎቹን የላኪዎቹ ማንነት እንዳይለይ አሳጥሬና አንዳንድ ዝርዝሮችን ለውጬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ሲዳሙ አፎ ስለምናገር ሐኪሞቹ ሲቸግራቸው ይጠሩኛል። በቅርቡ ከገጠር ወረዳ የመጡ አንዲት እናት የናሙና ምርመራ ውጤታቸው ደረሰ፤ የጡት ካንሰር ነው። ወደ ሐኪሙ ክፍል ልገባ ስል ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዞ፣ «እኅቴ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ካንሰር ነው ብለሽ እንዳትነግሪያት፤ ዕባጭ ነው በያት። ስሙን ከሰማች ሳትታከም ትሞትብኛለች» አለኝ። ምን እንደምመልስለት እያሰብኩ ሳለ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተጠራሁና ልጁ ራሱ አስተረጎመ። ምን ብሎ እንዳስተረጎመ አላውቅም፤ እናትየው ግን ለቀዶ ሕክምናው በጣታቸው ፈርመዋል። ባልጠራ ኖሮ ምን ማለት ነበረብኝ? አሁንስ ማድረግ የምችለው ነገር አለ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ልጁን እንደ ክፉ ሰው ቆጥረን አንጀምር። በአገራችን ክፉ ወሬ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ደጋፊ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚነገረው፤ የልጁም ጥያቄ ከዚህ ወግ የመጣ ነው። ነገር ግን ወጉን በደንብ ብናስተውለው መርዶ ይዘገያል፣ ይሰናዳል፣ አነጋገሩ ይለዝባል እንጂ አይሰረዝም፤ ባለቤቱ ሳይረዳው የሚቀር መርዶ የለም። ልጁ የጠየቀዎት ግን ከዚህ ይለያል። እናቱ በገዛ ገላቸው ላይ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ምናልባትም ከዚያ በኋላ ለወራት ለሚዘልቅ ኬሞቴራፒ፣ የሚታከሙት ምን እንደሆነ ሳያውቁ እንዲፈርሙ ነው የጠየቀው። ሰው ዕባጭ ነው ብሎ የፈረመው ፈቃድ ለካንሰር ሕክምና የተሰጠ ፈቃድ ነው ለማለት ይከብዳል። ፀጉራቸው መርገፍ ሲጀምር ሕክምናውን ጥለው ወደ አገራቸው ቢመለሱም የሚደንቅ አይሆንም።

እኔ በዚህ ሥራ የምመራበት መለኪያ አንድ ነው፤ አስተርጓሚ የሚያደርገውን ሁሉ ሁለቱም ወገኖች እያዩትና እየሰሙት ያድርገው። ከአንዱ ጋር በኮሪደር የተስማማበትን ለሌላው ሳይነግር ወደ ክፍሉ ከገባ፣ ያን ጊዜ አስተርጓሚነቱ ቀርቶ የአንደኛው ወገን ሰው ሆኗል። ስለዚህ ለልጁ የሚሰጡት መልስ ይህን የመሰለ ነው፦ «ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ገብቶኛል። ሐኪሙ የሚናገረውን መለወጥ ግን አልችልም። አሁን የነገርከኝን ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፤ እንዴት ብሎ እንደሚነግራቸው ከእሱ ጋር ተነጋገሩ።» ከዚያ ልጁን ይዘው ገብተው ለሐኪሙ እዚያው ፊቱ ይነግሩታል። ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ የሐኪሙ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም፤ ይህ ደግሞ ከትከሻዎ ትልቅ ሸክም ያወርዳል።

ሐኪሙ መንገድ አያጣም። እናትየውን፣ «ስለ ሕመምዎ የተገኘውን ሁሉ ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለልጅዎ እንድነግረው ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። «ለልጄ ንገረው» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ይህም መብታቸው ነው። ልዩነቱ፣ እንዲህ ሲሆን አለማወቁን የመረጡት ራሳቸው መሆናቸው ነው። ሌላ ዘመድ እስኪመጣ እስከ ማግስቱ ማቆየትም ይቻላል፤ ሕመሙንና ሕክምናውን ቀስ በቀስ፣ በሁለትና በሦስት ቀጠሮ ማስረዳትም ይቻላል። ልጁ የሚመኘው ርኅራኄ በዚህ ውስጥ ይገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ አይናገሩም ማለት አንድም የአማርኛ ቃል አይገባቸውም ማለት አይደለም። «ካንሰር» የሚለውን ቃል በሬዲዮም በጤና ጣቢያም የሰሙ ብዙ ናቸው። ከሐኪሙ አፍ ካንሰር፣ ከአስተርጓሚዋ አፍ ዕባጭ የሰሙ እናት ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን ሲነገራቸውም አያምኑም።

አሁን ስለሚደረገው ልመለስ። ቀዶ ሕክምናው ገና ከሆነ ጊዜው አላለፈም። ለሐኪሙ የሆነውን ሳያጋንኑ ይንገሩት፤ ልጁ ምን እንዳለው እርስዎ አልሰሙምና ዋሽቷል አይበሉ፤ «ያስተረጎመው ልጃቸው ነው፤ አስቀድሞም እንዳይነገራቸው ጠይቆኝ ነበር» ማለት ይበቃል። ሐኪሙ ፈቃዱን በድጋሚ ሲጠይቃቸው «ገባዎት?» ብሎ እንዳያልፍ ያስታውሱት፤ እንዲህ ሲባል ሁሉም «አዎ» ይላል። «የሚደረግልዎትን በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» ብሎ ቢጠይቃቸው መረዳታቸው ወይም አለመረዳታቸው ወዲያው ይታወቃል። ሲያስተረጉሙም ከበሽተኛዋ ጎን ጥቂት ወደ ኋላ ብለው ይቀመጡ፤ ሐኪሙ እርስዎን ሳይሆን እሳቸውን እያየ እንዲናገር ይህ ይረዳል። በዚያች ሰዓት ነርስነትዎን ያቆዩት። ምክር መስጠት ካሰኘዎት አስተርጉመው ከጨረሱ በኋላ፣ ሐኪሙ ባለበት፣ «አሁን የምናገረው እንደ ነርስ ነው» ብለው ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ነገ በችሎት የማስተረጉምለት ተከሳሽ የአጎቴ ልጅ መሆኑን መዝገቡን ሳይ አወቅሁ። ሌላ አስተርጓሚ ስለሌለ ቀጠሮው እንዳይራዘምበት ዝም ብዬ ልሥራው?

መልስ፦ አይሥሩት። በ1954 ዓ.ም. የወጣውና ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 126 የተከሳሹ ወይም የከሳሹ ዘመድ የሆነ ሰው፣ እንዲሁም ራሱ ምስክር የሆነ ሰው፣ በአስተርጓሚነት እንዳይመረጥ ይከለክላል። ችሎቱ እስኪሰየም ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ለሬጅስትራሩ (ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ) ያሳውቁ። ዝምድናው የሩቅ ቢሆን፣ ለምሳሌ ጎሳችሁ አንድ ብቻ ቢሆን፣ ያንንም ለፍርድ ቤቱ ይናገሩና ይወስንበት፤ ብዙ ጊዜ «ይቀጥል» ይባላሉ። ነገሩ በኋላ በሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ግን የአጎትዎ ልጅ ነጻ ቢወጣ እንኳ ውሳኔው ጥያቄ ውስጥ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በፌዴራል ችሎት እየተጠራሁ ከሲዳሙ አፎ ወደ አማርኛ አስተረጉማለሁ። ሰው ወደ ደቡብ አፍሪካ በማሻገር ወንጀል በቀረበ ክስ አንዲት የገጠር ሴት የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆነው ቀረቡ። ልጃቸውን ለመላክ ላም ሸጠው ገንዘቡን ለደላላው የሰጡት በባላቸው አባት ቤት ነው። ዐቃቤ ሕጉ «በማን ቤት?» ሲላቸው ስሙን አይጠሩም፤ አቀርቅረው ዝም አሉ። ላሚቷንም በተለመደው ስሟ ሳይሆን በሌላ ቃል ጠሯት። እኔ የገጠር ልጅ ስለሆንኩ ገብቶኝ «ላም» ብዬ ተረጎምኩ። በከተማ ያደገው የተከሳሹ ጠበቃ ግን ተነሥቶ «ምስክሯ ላም አላሉም፤ አስተርጓሚው የራሱን እየጨመረ ነው» ብሎ ተቃወመ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። ምን ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ የሲዳማን ባህል ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ባሊሻ የሚባል ልማድ አለ፤ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ልማዱን አጥብቃ የምትይዝ ከሆነች ከስሙ ጋር በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ተራ ቃላትንም ትታ በነሱ ፈንታ የተወሰኑ ምትክ ቃላትን ትጠቀማለች። የምስክሯ ዝምታ ከአክብሮት የመጣ ነው። ልማዱን ለማያውቅ ዳኛ ግን የሚሸሽግ ወይም የተጠና ምስክር ዝምታ ሊመስለው ይችላል፤ ችግሩ የከበደው እዚህ ላይ ነው። እርስዎ ካልተናገሩ በምስክሯ ላይ አለማመን ያድራል፤ ከመጠን አልፈው ከተናገሩ ደግሞ ምስክር ወደ መሆን ይሄዳሉ።

ላሚቷን «ላም» ብለው መተርጎምዎ ትክክል ነው፤ ምትክ ቃሉ ለሚያውቀው ሰው ትርጉሙ ያው ነውና። የጎደለው፣ ቃሉ ያልተለመደ መሆኑን እያወቁ ለችሎቱ ሳይናገሩ ማለፍዎ ነው፤ ይህ ከባድ ጥፋት አይደለም፤ ተቃውሞውን ግን የጋበዘው እሱ ነው። ዳኛው ሲዞሩ ከጠበቃው ጋር ክርክር ሳይገጥሙ እንዲህ ማለት ይችላሉ፦ «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ አስተርጓሚው እንዲያስረዳ ይፈቀድለት። ምስክሯ የተጠቀሙበት ቃል ባገቡ የገጠር ሴቶች ዘንድ ላም ለሚለው ቃል ምትክ ሆኖ የሚነገር ነው። የአማትን ስም ያለመጥራት ልማድ አለ። ምስክሯ በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ ዝም ያሉት አስተርጓሚው አያውቅም፤ ፍርድ ቤቱ ራሳቸውን ሊጠይቅ ይችላል።» በዚህ አነጋገር ውስጥ «እኔ» የሚል ቃል እንደሌለ ልብ ይበሉ። ሲያስተረጉሙ «እኔ» ያለችው ምስክሯ ናት፤ ለራስዎ ሲናገሩ «አስተርጓሚው» ካላሉ በመዝገቡ ላይ የማን ቃል እንደሆነ ይደባለቃል። ሌላው ደግሞ የምስክሯን ልብ አልተረጎሙም፤ ልማዱ መኖሩን ብቻ ተናግረው ምክንያቱን ለጠያቂው ተዉት። ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ ያሉትን ለምስክሯም በሲዳሙ አፎ መንገር አይርሱ፤ ስለ እሳቸው የተነገረ ነገር ሳይገባቸው መቆም የለባቸውም።

ከሁሉ የሚከፋው፣ ስሙን ከጎረቤት ሰምተው የሚያውቁት ቢሆን እርስዎ ራስዎ መናገርዎ ነው። ያን ጊዜ ቃለ መሐላ የፈጸሙበት አስተርጓሚነት አብቅቶ ያልተቆጠሩ ምስክር ሆነዋል። ዐቃቤ ሕጉም ቢሆን ስሙን ጠርቶ «የእገሌ ቤት ነው አይደል?» ቢላቸው በዋና ጥያቄ፣ ማለትም ምስክሩን ያቀረበው ወገን ሲጠይቅ፣ መሪ (መልሱን ራሱ የሚጠቁም) ጥያቄ አይፈቀድም የሚል ተቃውሞ ይነሣበታል። መውጫው ምናልባት በአሰያየማችን ውስጥ ይገኛል። የባል ሁለተኛ ስም የአማት ስም ነው። የባልየው ሙሉ ስም በመታወቂያ ወይም በምስክሯ ቃል መቀበያ ላይ ከተጻፈ ስሙ በመዝገቡ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ሴትየዋ «የባሌ አባት ቤት» ካሉ ሌላውን ሰነዱ ይሞላዋል። ፍርድ ቤቱም እውነቱን ለማውጣት የሚጠቅም መስሎ ከታየው በማናቸውም ጊዜ ምስክርን ራሱ መጠየቅ ይችላል። ይህን ሐሳብ ግን እርስዎ እንዳያቀርቡት፤ ከጠበቆቹ ወይም ከዳኛው ይምጣ። ባህሉን ማስረዳት የአስተርጓሚ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የማስረጃ ማቅረቢያ ስልት መንደፍ ግን አይደለም።

ሐሰተኛ ትርጉም ደግሞ በወንጀል ሕጋችን ከሐሰተኛ ምስክርነት ጋር በአንድነት የሚያስቀጣ ተግባር መሆኑን ጠበቃውም ያውቃል። ተቃውሞውን እንደ ስድብ አይቁጠሩት፤ የጠበቃው ሥራ ነው። ቃሉ እንዲጣራ ሌላ ተናጋሪ ይጠራ ቢባልም በደስታ ይቀበሉ።

ጥያቄ፦ ያስተረጎምኩላቸው ሰዎች ነገራቸው ከተፈጸመ በኋላ ቤቴ ድረስ አንድ ጣሳ ቅቤና ጥሬ ቡና ይዘው መጡ። መመለስ ነውር ሆነብኝ። ብቀበለው ምን አለበት?

መልስ፦ ነገሩ ተፈጸመ የሚሉት ይግባኝ አይጠየቅም ብለው ነው? በትንሽ ከተማ የቅቤው ጣሳ ከቤትዎ በር ሳይገባ ወሬው ሌላኛው ወገን ጋር ደርሷል፤ «ለካ እጅ መንሻ የሚቀበል ነው» የሚባለውን እንኳን እርስዎ፣ እኔም ላስተባብለው አልችልም። ነውሩን ለመሸሽ የሚረዳው ምክንያቱን በሕጉ ላይ ማላከክ ነው፦ «አልጠላሁትም፤ መሥሪያ ቤቱ ስለማይፈቅድልኝ ነው» ብለው በክብር ይመልሱ፤ እንግዶቹን ግን ቡና ሳያጠጡ አይሸኙ። ጥለውት ከሄዱ በማግስቱ ለኃላፊዎ ያስመዝግቡት። አበልዎ የዘገየ መሆኑን በደብዳቤዎ ጠቅሰዋል። እሱ በርግጥ ችግር ነው፤ የሚጠየቀው ግን ከባለጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ፦ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በውጭ አገር ሱፐርቫይዘርና በስፌት ሠራተኞች መካከል አስተረጉማለሁ። ሲቆጣ የሚናገረው ጆሮ ስለሚከብድ «ቶሎ ቶሎ በሉ ይላል» እያልኩ አለዝበዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጥቶኝ «ይፈርሙበት፤ ተራ ቅጽ ነው በያቸው» አለኝ። ገረፍ አድርጌ ሳየው «በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ» ይላል። አንዲት ልጅ «እኅቴ፣ ምንድን ነው የሚለው?» ብላ ስትጠይቀኝ እሱ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ወረቀቱን «ነገ እናድርገው» ብዬ መለስኩለት። ደመወዝ የሚከፍለኝ እሱ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ የአገሬ ልጆች ናቸው። የማንን ልያዝ? ወይስ በምሳ ሰዓት ልጆቹን ጥግ ይዤ ልንገራቸው?

መልስ፦ የማንንም አይያዙ፤ ይህ ማለት ግን ዝም ማለት አይደለም።

ማለዘቡን ብዙ አስተርጓሚ በጎ ሥራ አድርጎ ይወስደዋል። የሚጎዳው ማንን እንደሆነ ግን ያስቡ። ሱፐርቫይዘሩ «ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያሽ ነው፤ ነገ ከደገምሽው ትባረሪያለሽ» ይላል፤ ሠራተኛዋ የምትሰማው «ቶሎ በይ» ነው። በማግስቱ ስትባረር እሱ «አስጠንቅቄያታለሁ» ይላል፤ እሷ ደግሞ «ማንም ምንም አላለኝም» ትላለች፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስድብ ከሆነም በስድብነቱ መሰማት አለበት። የተሰደበ ሰው ስድቡን ካልሰማ ለሠራተኛ ማኅበሩም ሆነ ለሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት ምን ብሎ ያመለክታል? አስቀድመው ግን ለሱፐርቫይዘሩ ለብቻው በትሕትና እንዲህ ይበሉት፦ «ከዛሬ ጀምሮ የሚናገሩትን ሁሉ እንዳለ፣ በቁጣው ልክ እተረጉማለሁ፤ ሠራተኞቹ የሚሉትንም እንደዚያው።» ለሠራተኞቹም ይህንኑ ይንገሯቸው። ሲናገር የሚለዝብ ብዙ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማንም የማይሰማው መስሎት ነበርና።

ወረቀቱ ከስድቡ ይከብዳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በገዛ ፈቃድ መልቀቅና በአሠሪው መሰናበት የተለያየ ውጤት አላቸው፤ በመርሕ ደረጃ አምስት ዓመት ያላገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ከለቀቀ የሥራ ስንብት ክፍያ አያገኝም፤ ከሕግ ውጭ የተሰናበተ ግን ያገኛል፤ መክሰስም ይችላል። ስለዚህ «ተራ ቅጽ ነው» ማለት ትርጉም አይደለም፤ አንዱ ወገን በሌላው ላይ እንዲጠቀምበት የተሰጠዎት ሐሰት ነው፤ ደመወዝ መክፈሉ ይህን እንዲያዝዎት መብት አይሰጠውም። ወረቀቱን በድጋሚ ሲሰጥዎ ተቀብለው፣ እሱም ሠራተኞቹም ባሉበት፣ ከርእሱ እስከ ፊርማው ቦታ ድረስ ድምፅዎን ከፍ አድርገው በአማርኛ ያንብቡላቸው፤ ሲዳሙ አፎ የሚሻላት ካለችም በሲዳሙ አፎ። ማብራሪያ አይጨምሩ፤ «አትፈርሙ» አይበሉ፤ ፊትዎንም አያጥቁሩ። ልጅቱ «ምን ይሻለኛል?» ብትልዎት ጥያቄውን ወደ ሱፐርቫይዘሩ ይተርጉሙት፤ መልሱን እሱ ይስጥ። «ሰዓት የለንም፣ አታንብቢ» ካለዎት ለሠራተኞቹ፣ «ወረቀቱ አልተነበበላችሁም፤ እንዳላነብላችሁ ተነግሮኛል» ብለው ይህንኑ ለእሱም በእንግሊዝኛ ይድገሙለት። በዚህ መካከል የተጨመረ የእርስዎ ሐሳብ አንድም የለም፤ የሆነውን ብቻ ለሁለቱም ነግረዋል። በምስክርነት ወይም «ተርጉሜላቸዋለሁ» በሚለው ሥር ግን ሙሉውን ሳያነቡ አይፈርሙ።

በምሳ ሰዓት ልጆቹን ጥግ ይዤ ልንገራቸው ወይ ላሉት፣ እኔ አልመክርዎትም። በአደባባይ የተነበበ ነገር በጥግ መነገር አያስፈልገውም፤ በጥግ የተነገረ ደግሞ ሥራዎን ያሳጣዎታል፤ ልጆቹም ከእርስዎ የሰሙትን በማስረጃ ሊያሳዩ አይችሉም። ይህን ሁሉ አድርገው ከሥራ ቢባረሩስ? ሊሆን ይችላል። አይሆንም ብዬ ባጽናናዎት አታለልኩዎት። ስለዚህ የሆነውን በቀኑና በሰዓቱ ቤትዎ ጽፈው ያኑሩ።

ጥያቄ፦ ከጠበቃ ጋር ወደ ማረሚያ ቤት እየሄድኩ አስተረጉማለሁ። ጠበቃው ለአፍታ ወጣ ሲል ደንበኛው ጠጋ ብሎ የተሰረቀው ዕቃ የት እንዳለ ነገረኝና «ለአንተ ብቻ ነው» አለኝ። ለፖሊስ ልናገር? ለጠበቃው? ለማንም? የጻፍኩት ማስታወሻስ ምን ይሁን?

መልስ፦ ለፖሊስ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር በማውጣት ከሚጠየቁት መካከል ጠበቆችንና ሐኪሞችን ብቻ ሳይሆን አስተርጓሚዎችንም በስም ይጠቅሳል፤ ቅጣቱ የሚከተለው ባለምስጢሩ ሲያመለክት ነው። ባለምስጢሩ በግልጽ ከፈቀደ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ ግን ሌላ ነው። ሚስትዎም፣ የሥራ ባልደረባዎም፣ ዕቃው የተሰረቀበት ሰው ጎረቤትዎ ቢሆን እንኳ እሱም መስማት የለበትም።

ለጠበቃው ግን ይንገሩት። በእርስዎና በእስረኛው መካከል ለብቻው የቆመ ምስጢር የለም፤ እዚያ የተገኙት የጠበቃው አንደበትና ጆሮ ሆነው ስለሆነ የሰሙት ለእሱ የተነገረ ነው። ጠበቃው ሲመለስ ደንበኛው እየሰማ፣ «እርስዎ በሌሉበት የነገሩኝ ነገር አለ፤ ልተርጉመው ነው» ይበሉ። ደንበኛው «ተው» ካለ ይህንንም ይተርጉሙት፤ ሁለቱ ይነጋገሩበት። ለወደፊቱ መጀመሪያ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያስቀድሙ፦ የሚነገረኝን ሁሉ እተረጉማለሁ፤ እንዳይተረጎም የሚፈልጉትን አይንገሩኝ። ጠበቃው ሲወጣም አብረው ይውጡ።

የሰሙት ያለፈ ስርቆት ሳይሆን ሊመጣ ያለ አደጋ ቢሆን፣ ለምሳሌ አንድ ምስክር ሊገደል እንደሆነ ቢነገርዎት፣ መልሴ ይለወጣል። ወዲያውኑ ለጠበቃው ይንገሩ፤ ጠበቃው ካልተገኘ ወይም ቸል ካለ የሰው ሕይወት ከምስጢሩ ይቀድማል ብዬ ለባለሥልጣን ከማሳወቅ አልመለስም። ሕጉም በአንቀጽ 443 በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ማን እንደፈጸመው እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ሳያሳውቅ የቀረን ሰው ይቀጣል። የሙያ ምስጢር በቂ ምክንያት ይሆናል አይሆንም የሚለው ሊያከራክር ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የሌላ የሕግ ባለሙያ ምክር የሰዎቹን ስም ሳይጠሩ መጠየቅ ይገባል።

ማስታወሻው ላይ ቁጥርን፣ ቀንንና የቦታ ስምን ብቻ ይያዙ፤ የሰው ስም በፊደል ምልክት ይበቃል። ደብተሩን ከሌላ ሥራ ጋር አይቀላቅሉ፤ ስልክዎ ላይም አይጻፉ፤ ስልክ ይጠፋል፤ ልጆችም ይነካኩታል። የማረሚያ ቤቱን በር ከመውጣትዎ በፊት ወረቀቱን ለጠበቃው ይስጡት ወይም እሱ እያየ ቀዳደው ያስወግዱት። ችሎት ላይ የያዙት ከሆነ ደግሞ የዕለቱ ሥራ ሲያበቃ ከመቅደድዎ በፊት ሬጅስትራሩን ይጠይቁ፤ በትርጉሙ ላይ ተቃውሞ በተነሣበት መዝገብ ፍርድ ቤቱ ሊያየው ይፈልግ ይሆናል።